ስለ ቅጠሏ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ግማሽ

ይድረስ ለማከብርህ፣ ለምሳሳልህ አባዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ነህ? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ትንፋሽህስ፣ ከበሩ እስከ ጓሮ ስትሄድ ያቋርጥሃል ወይስ ተሻለህ? እግርህስ? ይህን ሁሉ የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ እንዳይመስልህ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ እፈልጋለሁ፣ በተለይ ለእግርህ። እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ታናሽ እህቴና ሚጢጢዋ ልጇስ እንደምን አሉልኝ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በልቼ እጠግባለሁ፣ ተኝቼ እነሳለሁ፣ ሥራዬም ደስ ይለኛል። ናፍቆታችሁ ብቻ ነው አልለመድ ያለኝ።

መጀመሪያ በስልክ ላወራህ አስቤ ነበር። ግን አንተን በስልክ ማናገር እንዴት ይቻላል? ወሬው ወደማይመችህ ቦታ ሲዞር «ኔትወርኩ አስቸገረ» ትልና ስልኩን ለእማዬ ታቀብላታለህ። ባለፈው እሁድ ላንተ ያስቸገረው ኔትወርክ እማዬ እጅ ሲገባ እንዴት ወዲያው ጠራ? ልጅህ ነኝ እኮ፣ አውቅሃለሁ። ደግሞ የተጻፈ ነገር እንደምታከብርም አውቃለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ወፍጮና የውሃ ፓምፕ ስትጠግን፣ ባለቤቱ እላይህ ላይ ቆሞ እየጮኸ እንኳ «ቆይ፣ መጽሐፉ ምን እንደሚል ልይ» ትል ነበር እንጂ በግምት አንድ ብሎን አትፈታም ነበር። ስለዚህ ጻፍኩልህ። መነጽርህን አድርግና ቁጭ ብለህ አንብብልኝ፤ ከመሃል ዘለህ ወደ ሰላምታው እንዳትሄድ።

የገጾቹን ፎቶ አንስቼ ለእህቴ በስልክ እልክላታለሁ፤ እሷ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ ትሰጥሃለች። ዋናው በፖስታ ይከተላል። እንዲህ ያጣደፈኝን ነገር ትንሽ ቆይተህ ትደርስበታለህ።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። የራሴ የሥራ ጠረጴዛ ተሰጠኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተለጥፌ ስሠራ ቆይቼ፣ አሁን መስኮት አጠገብ፣ ሁለት መሳቢያ ያለው፣ ስሜ በነጭ ፕላስተር የተለጠፈበት ጠረጴዛ አለኝ። አንተ ጋራዥህ ውስጥ ቁልፎችህን በየመጠናቸው እንደምትሰቅል እኔም ጠርሙሶቼን በየመጠናቸው ደርድሬያቸዋለሁ፤ አንዱን የነካ ሰው ወዮለት። የምኖርባት ክፍል ያችው ናት፣ ከብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ በላይ። ጠዋት መዶሻው ሲጀምር ሌሎቹ ተከራዮች ይበሳጫሉ። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማውና «ኧረ ይሄ ሰውዬ ሊሰብረው ነው፣ አባዬ ቢሆን እንዲህ አይመታም» እያልኩ ነው የምነሳው።

የሥራ ባልደረቦቼም ወደውኛል። አለቃዬ ፀጉሯ የነጣ፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ ዐይኗ ግን ምንም የማያልፈው ሴትዮ ናት። ጠርሙስ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ትንሽ ከጎበጠ ከበሩ ሆና ታየዋለች። ከጠረጴዛዬ ቀጥሎ የሚሠራውን ልጅ «ዝምተኛው» ነው የምለው። በቀን ሦስት ቃል ይናገራል፤ ሁለቱ «እንደምን አደርሽ» ናቸው። ሦስተኛውን ግን ሲናገር ሰው ሥራውን አቁሞ ነው የሚሰማው። ከሁለቱም ብዙ ተምሬያለሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመጀመሪያ እህቴን እንዳትቆጣት። አሳብቃብህ አይደለም፣ ጨንቋት ነው። ባለፈው ሳምንት ካቻቢቴ ስትፈልግ የብሎን ቆርቆሮህን ከፈተችና የልብ ኪኒኖችህን ከነማሸጊያቸው አገኘቻቸው። የአምስት ሳምንት ኪኒን፣ ነጩም ሮዙም፣ ከብሎን ጋር ተኝቷል። እማዬ ጠዋት ጠዋት «ዋጥክ?» ስትልህ «ዋጥኩ» ትላት ኖሯል። አባዬ! አንተ እኮ እኛን በውሸት ጉዳይ ስንት ቀን ጥግ አስቁመኸናል።

ጫማህም አልገባ ብሎህ ነጠላ ጫማ አድርገህ እንደምትወጣ ነገረችኝ። ምን ሆነህ ነው ብትልህ «ጫማው ጠቦ ነው» አልካት። የስድስት ዓመት ጫማ በአንድ ወር አይጠብም አባዬ። ያበጠው እግርህ ነው። እግርህ ያበጠው ደግሞ ልብህ ውሃውን መግፋት ስላቃተው ነው። ይህን ላንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ፓምፕ ሲደክም ውሃው የት እንደሚጠራቀም ከኔ በላይ ታውቃለህ። ይህን ስሰማ የያዝኩትን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ለምን ተውከው ብትልህ ምን እንዳልካትም ነግራኛለች። «ልጄ ራሷ ጽፋልኛለች፤ ቅጠላችን ልብ ትጠብቃለች። ከራሴ ልጅ የበለጠ የሚያውቅ ሐኪም የለም» ብለሃታል። ያቺን ከጓሮ ያለችውን መራራ ቅጠል፣ ለሆድ ቁርጠት እናኝካት የነበረችውን ማለትህ ነው፤ ወደዚህ ስመጣ በሻንጣዬ ይዣት የመጣሁት፣ አንተም በኋላ በዘይት ፊልትሮ ካርቶን አሽገህ በሰው የላክልኝ። በቀን ሁለቴ አንድ እፍኝ ቀቅለህ ትጠጣታለህ አሉ። ከዚያም አልፈህ ደብዳቤዬን ለጎረቤት አንብበህ፣ ባለሱቋን ጭምር ለደም ግፊቷ አስጀምረሃታል።

አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን በደንብ እንድትሰማኝ እፈልጋለሁ። የዛሬ አራት ወር «ከጓሮአችን የወሰድኳት ቅጠል ልብ ትጠብቃለች» ብዬ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። ውሸት አልነበረም፣ ግን ግማሽ ነበር። ግማሹን ለምን እንዳስቀረሁት ብዙ አሰብኩበት፤ መልሱ ያሳፍራል። ልሄድ ስል የስንብት ቀን አጎቴ «ሐኪም ትሆናለች ስንል ቅጠል ልትቀቅል ባሕር ተሻገረች» ብሎ ሲቀልድብኝ አንተም ከሌሎቹ ጋር ስቀህ ነበር። ያቺ ሳቅህ ሆዴ ውስጥ ቀረች። ስለዚህ ሥራዬ የመጀመሪያውን ጥሩ ውጤት ሲሰጠኝ ጉራዬን ነዛሁ። እንድትኮራብኝ ፈልጌ ነው። ኮራህብኝ፤ ኪኒንህንም ጣልክ።

እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ከነጩ ሰሌዳ ፊት እንሰበሰባለን። አንድ ሰው አገኘሁ ያለውን ነገር ሲጽፍ የቀረነው በአንድ አፍ እንጠይቀዋለን፤ በምን ላይ? በምን ያህል? ስንት ጊዜ? ሦስቱን ያልመለሰ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ አይውልም፣ ይጠፋል። በዚህ ሰኞ አለቃዬ ዐይኔ ማበጡን አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ነገርኳት። ታባብለኛለች ብዬ ስጠብቅ ማርከሩን አቀበለችኝና ለአባትሽ የጻፍሽውን እንዳለ ጻፊው አለችኝ። ጻፍኩ፤ «ቅጠላችን ልብ ትጠብቃለች።» ከዚያ ማን የጀመረ ይመስልሃል? ዝምተኛው! «የማንን ልብ?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰሌዳውን ያጠፋሁት በገዛ እጄ ነው። አለቃዬ ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ «አሁን ሂጂና ሙሉውን ጻፊለት» አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩልህ ነው።

ሙሉው እንዲህ ነው። ካንሰርን የሚያክሙበት አንድ ኃይለኛ መድኃኒት አለ፤ መልኩ ቀይ ስለሆነ እኛም «ቀዩ» እንለዋለን። ካንሰሩን ይመታል፣ አንዳንዱን ሰው ግን ልቡንም አብሮ ይጎዳዋል። አስበው፣ ከዚያ ክፉ በሽታ ድኖ ልቡ ሲደክም። የኛ ሥራ ልቡን የሚከልል፣ ካንሰሩን ግን የማይከልል ነገር ከዕፅዋት ውስጥ መፈለግ ነው። እኔ በልቡ በኩል ነኝ፣ ዝምተኛው በካንሰሩ በኩል። ሃያ ሦስት ዓይነት ቅጠል፣ ሥርና ቅርፊት ፈትሸናል። ያንተዋ ተራ ቁጥሯ አሥራ ሰባት ነው፤ እዚህ ማንም በሌላ ስም አይጠራትም። ከሷ በፊት የነበሩት ወይ ምንም አላደረጉም፣ ወይ ልቡንም ካንሰሩንም እኩል ሲከልሉ ተገኙ። እሷ ግን ልቡን ከለለች፣ ካንሰሩን አልከለለችም። ዝምተኛው ያን ቀን አምስት ቃል ተናገረ።

የከለለችው ግን የማንንም ሰው ልብ አይደለም። መዳፌን በምታክል ክብ ሳህን ውስጥ የሚያድጉ የልብ ሕዋሳት ናቸው። ይመታሉ እኮ አባዬ! ደም የለ፣ ሰው የለ፣ እዚያው ሳህኑ ውስጥ ትር ትር ይላሉ። መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ያየኋቸው ቀን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆሜ ቀረሁ። ቀዩን ብቻ ስንጨምርባቸው ከመቶው ስድሳው ሞቱ። የቅጠሏን ዱቄት አስቀድመን ስንጨምር ግን የሞቱት ሃያ ሁለት ናቸው። ሦስት ጊዜ ደግመነዋል፣ ሦስቱም ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ይህ በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅህም። ነገር ግን ያችኑ ዱቄት አሥር እጥፍ አድርገን ስንጨምር ራሷ ከግማሽ በላይ ገደለች፣ ቀዩ ሳይኖር። ጠባቂዋም ገዳይዋም ያችው ናት፣ ልዩነቱ መጠኑ ነው። ያቺን መጠን በሳህን አውቃታለሁ። በሰው ማንም አያውቃትም፣ ምክንያቱም ለአንድም ሰው ተሰጥታ አታውቅም።

ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ደግሞ እንዲህ ያሉ ነገሮች ካንሰርን ሳይመጣ ይከላከላሉ ወይ ብለው የሚያጠኑ አሉ። ብዙ ሺህ ሰው ምን እንደሚበላ እየጠየቁ ዓመት በዓመት ይከታተላሉ። እስካሁን መልሳቸው «እንጃ፣ ገና ነው» ነው። እኔን እዚህ ያስገረመኝ ይሄ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሩ ትልልቅ ሰዎች «እንጃ» ሲሉ ትንሽ እንኳ አያፍሩም። እኔ ላንተ ስጽፍ «እንጃ» ማለት ለምን እንደከበደኝ አሁንም አልገባኝም።

ሰኞ እዚህ ድረስ ጽፌ ልጨርሰው ስል ድምፅህ በጆሮዬ መጣብኝ። «እሺ፣ አንቺ በሳህን ነው ያየሽው። እኔ ግን ጠጥቼ ደህና ነኝ» ስትለኝ። እህቴም ያኑ ዕለት ሐኪም ቤት እንሂድ ብትልህ «የልጄ ደብዳቤ ይምጣ፣ እስከዚያ የሚነካኝ የለም» ብለህ እግርህን ተከልክ አለችኝ። ያንተን ነገር ስለማውቅ በወሬ እንደማላሸንፍህ ገባኝ። አንተ የሚያሳምንህ ተለክቶ የታየ ነገር ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን አቋርጬ ወደ አለቃዬ ሄድኩና የአባቴን ብርጭቆ መመርመር እፈልጋለሁ አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ የመመርመሪያ ማሽኑን ተራ ለቀቀችልኝ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ትናንት ያደረግሁትን ልንገርህ። ከፊልትሮው ካርቶን ከቀረችው ቅጠልህ አንድ እፍኝ ወሰድኩ፤ ያንተ እፍኝ ከኔ ስለሚበልጥ ሞልቼ ወሰድኩ። እህቴ እንደነገረችኝ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ውሃው በግማሽ እስኪጎድል ቀቀልኩት። መጥቆሩ! ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶ ሰው እየመጣ ምን ተቃጠለ ይለኝ ጀመር፤ «የአባቴ መድኃኒት ነው» እያልኩ መለስኳቸው። ትንሽ ቀመስኩት። እንዴት ነው የምትውጠው በሞቴ? ኪኒኑ እኮ ቢያንስ ጣዕም የለውም።

ከዚያ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። ይህ ማሽን በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ነገር እየለየ በወረቀት ላይ መስመር ይስላል፤ የምንፈልገው ነገር ካለ መስመሩ በቦታው ላይ ወደ ላይ ይነሳል፣ ብዙ ካለ ብዙ ይነሳል። እኔ በአልኮል ያወጣሁት ዱቄት ሲገባ መስመሩ የወረቀቱን ጫፍ ሊነካ ይደርሳል። ያንተ ብርጭቆ እስኪያልቅ ፊቱ ቆሜ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ልንገርህ? ሁለት ዓመት ሙሉ የደከምኩበት ነገር እንዳይገኝ። ከተገኘማ ማን ይችልሃል! ይህን ለአለቃዬ አልነገርኳትም፤ ነገሩ ከሥራችን ጋር አይሄድም። ላንተ ግን ከእንግዲህ ግማሽ አልጽፍም ብያለሁ።

መስመሩ አልተነሳም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። የአልኮሉን መቶ ብንለው ያንተ ብርጭቆ አንድ እንኳ አይሞላም፣ ግማሽም አይሆንም። ምክንያቱ ደግሞ ካንተ ሙያ አያልፍም። ይህች ነገር ውሃ አትወድም፣ ዘይት ቢጤ ናት። ግራሶ የጠጣ ኩሽኔታ በውሃ ብታጥበው ይለቃል? አይለቅም። አንተ በቤንዚን ነው የምታጥበው። እኔም በአልኮል የማወጣት ለዚሁ ነው። አንተ አምስት ሳምንት የቀቀልከው ቅጠል ሀብቱን እንደያዘ ከገለባው ጋር ጓሮ ተደፍቷል፤ የጠጣኸው ቀለሙንና ምሬቱን ነው። አልኮል ስላልኩ ደግሞ ሄደህ መጠጥ ውስጥ እንዳትዘፈዝፋት! አውቅሃለሁ አልኩህ እኮ። በአልኮል የወጣችውማ በመጠኗ ካልሆነች የምትገድለዋ ናት።

አንድ ነገር ይቀራል። ብርጭቆህ ውስጥ የኛዋ ባትኖርም ሌሎች ስምንት ነገሮች በሌላ በሌላ ቦታ መስመሩን አንስተውታል። ምን እንደሆኑ አላውቅም፣ አለቃዬም አታውቅም። አንዳቸው ለኩላሊት ይክፉ፣ ከልብ ኪኒን ጋር ይጣሉ፣ ወይ ምንም አይሥሩ፣ ማንም አልፈተሻቸውም። ስማቸውን የማላውቃቸው ስምንት እንግዶች በየቀኑ ሁለቴ አባቴ ሆድ ውስጥ እንዲገቡ አልፈልግም። የወረቀቱን ፎቶ አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ላይኛው የኔ ነው፣ ታችኛው ያንተ። ማጉያህን አምጥተህ ራስህ እየው።

እንግዲህ አባዬ፣ የምለምንህ ይሄ ነው። ይህን እንዳነበብክ ነገ ሳትል ከእህቴ ጋር ሐኪምህ ዘንድ ሂድ። አምስት ሳምንት ያቋረጥከውን ኪኒን ራስህ ከቆርቆሮው አውጥተህ እንዳትጀምር፤ በምን ያህል እንደሚጀመር ሐኪሙ ነው የሚነግርህ። እግርህን አሳየው። ቅጠሏንም ንገረው፣ ስንት ሳምንት እንደጠጣህ ሳትደብቅ። ይታዘበኛል ብለህ እንዳታስብ፤ ከፈለግህ ልጄ ናት ያሳሳተችኝ በለው፣ እውነት ነው። የሰጠህንም እማዬ እያየችህ ዋጥ። አፈር ስሆን።

ባለሱቋንም አንተው ሄደህ ንገራት። ከሷ ቤት ገብተህ «ልጄ የጻፈችው ግማሽ ነበር፣ ቀሪው ይኸው» በላት፣ ወደ ሐኪሟም ትመለስ። እንደሚከብድህ አውቃለሁ። እኔም ላንተ ለመጻፍ እንዴት እንደከበደኝ አሁን አይተሃል፤ ግን ከጻፍኩት በኋላ ትከሻዬ ቀለለኝ። የቅጠሏን ቁጥቋጦም እንዳትነቅላት፣ ከሷ አልተጣላሁም። ለሆድ ቁርጠት ማኘኩን ቢሆን እንኳ ሐኪሙን ጠይቁት እንጂ እኔን አትጠይቁኝ።

ለእማዬ ሰላምታዬን ከነእቅፌ አቅርብልኝ። «ዋጥክ?» ብላ ብቻ እንዳታልፍህ፣ አፍህን አስከፍታ እንድታይ አደራ ብያታለሁ በላት፤ ትስቃለች፣ ግን ታደርገዋለች። ለእህቴ ምን ብዬ ላመስግናት? ካቻቢቴ ፈልጋ አባቷን አገኘችልኝ። በኔ ተቆጥታ ከሆነ ይቅር ትበለኝ። ሚጢጢዋ በስልክ የላከችልኝን የድመት ሥዕል ጠረጴዛዬ መሳቢያ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ዝምተኛው አይቶ «ጥሩ ድመት» ብሏል፣ ይህ ከሱ አፍ ትልቅ ሽልማት መሆኑን ንገሯት። አጎቴንም ሰላም በሉልኝ፤ እንዳለው ትናንት ቅጠል ስቀቅል ዋልኩ፣ አላፍርበትም። ለባለሱቋም እኔው ራሴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ እሁድ ስደውል አገናኙኝ።

አባዬ፣ የመጨረሻ ልንገርህ። አለቃዬን ትናንት ማሽኑ ፊት ቆመን ሳለን ጠየቅኋት፤ ሁሉ ነገር ቢሳካ ይህች ዱቄት ሰው የሚውጣት መድኃኒት የምትሆነው መቼ ነው ብዬ። ከተሳካ ነው፣ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ፣ ከተሳካ ግን አሥራ አምስት ዓመት አለችኝ። ወዲያው ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ የቆጠርኩት ያንተን ዕድሜ ነው። ሰባ አንድ ላይ አሥራ አምስት፣ ሰማንያ ስድስት። ይህን ሥራ ከሁለት ዓመት በፊት ስመርጥ ለማን ልብ ብዬ እንደመረጥኩት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ጋራዥህ ውስጥ ወድቀህ የተነሳህ ሰሞን ነበር። እኔ አሥራ አምስቱን ዓመት ልሠራ ተስማምቻለሁ። አንተም አሥራ አምስቱን ዓመት ልትቆይልኝ ተስማማ።

ታላቋ ልጅህ

ከላቦራቶሪው፣ ሦስተኛ ፎቅ
ረቡዕ፣ የካቲት 19 ቀን